ለወንድሜ ለቅሶ የመጣው ሳቅ

እኔ እንዲህ ባለ ነገር ከማያምኑት ወገን ነኝ፣ ጎንደር አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ፣ ጎረቤት ስለ ዛር ሲያወራ ተነሥቼ እወጣለሁ። ብቻ... እንዴት እንደምጀምረው እንጃ።

ወንድሜ ሙሉጌታ አዲስ አበባ፣ በቴሌቪዥን በየሳምንቱ የሚታይ አስቂኝ ቴያትር ያዘጋጅ ነበር። የካሜራ ሽቦ ከመጎተት ተነሥቶ ነው እዚያ የደረሰው፣ ማን የት እንደሚቆም፣ ሰው የቱ ላይ እንደሚስቅ የሚወስነው እሱ ነበር። እኛ ጋ ቴሌቪዥን ስለሌለ አንድም ቀን አላየንለትም። «ተመልካች በማይገባበት ክፍል ነው የምንሠራው፣ ማን እንደሳቀ ሳላውቅ ቤቴ እገባለሁ» ብሎ ጽፎልኛል። አባቴ ግን ሥራውን ከአዝማሪነት ለይቶ አያየውም፣ ለሰው «ጸሐፊ ነው» ይላል። ይህ ውሸት ያቅለሸልሸኝ ነበር።

ሙሉጌታ በሳንባ ሕመም ሞቶ እዚያው ተቀበረ። እዚህ እኛ አገር፣ አምባ ጊዮርጊስ፣ ለቅሶው ሲወጣ፣ ሬሳ ስለሌለ እንደ ወጉ ልብሱ ተዘረጋ፣ ጠመንጃ በሚቀመጥበት ቦታ ደግሞ እሱ ለልምምድ ይቀዳበት የነበረውን፣ ከልብሱ ጋር የተላከልንን ቴፕ አስቀመጥኩ። ልብ በሉ፣ የባትሪ ድንጋዮቹን ጠዋት በገዛ እጄ አውጥቼ ጥያለሁ፣ ፈስሰው ቡናማ ንፍጥ መስለው ነበር፣ እጄን ሦስት ጊዜ ታጥቤ ሽታው አልለቀቀኝም።

ሙሾ አውራጇ ወደ አባቴ ዞራ፣ «አያ ተሰማ፣ ሙያውን ምን ብዬ ላንሣው?» አለች።

«ጸሐፊ በይ።»

«ሰው ያስቅ ነበር በይ!» አልኩ እኔ።

«ዝም በል አንተ! በሰው ፊት ታዋርደኛለህ?»

«ምነው አያ ተሰማ፣ ማሳቅ ነውር ሆነ እንዴ? ያንተን ፊት እያየ አድጎ ሳቅ ማወቁ እኮ ጉብዝና ነው» አለችና አወረደችው፦

«አገር አሳቀና ከሣጥን ተሰውሮ፣
ላባቱ እንባ ላከ ከሰው አገር አድሮ።»

ያኔ ቴፑ ቀጭ አለ። ቀጥሎ ሳቅ ተሰማ፣ ጥቂት ሰዎች አፋቸውን ይዘው የሚስቁት ዓይነት። የካሴቱ ክር አይዞርም፣ ጎንበስ ብዬ አይቻለሁ። ሁለተኛውን ሙሾ ስትጨርስ ደገመው፣ ልክ ቤት የመታችበት ላይ። በሦስተኛው ለቀስተኛው አብሮ ሳቀ። እመኑኝ፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ደረታቸውን እየመቱ፣ ንፍጣቸው ከእንባቸው ጋር አፋቸው እየገባ፣ ድዳቸው እስኪታይ ሳቁ። በመጨረሻ አባቴም ሳቀ። ፊቱ ላይ የሳቅ ምልክት የለም፣ አፉ ብቻ ነው የተከፈተው። ጥያቸው አጥሩ ሥር ሄድኩ።

ስመለስ ሁሉም ያለቅሳል። ማታ አባቴን «ምነው ሳቅህ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እኔ? በልጄ ለቅሶ?» ብሎ አፈጠጠብኝ። ዘመዶቹም «ሸጋ ለቅሶ ነበር» ነው የሚሉት።

በሳምንቱ ጎንደር ወርጄ አዲስ ድንጋይ ገዛሁና ቴፑን ከፈትኩት። ሳቅ የሚባል የለበትም፣ ሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ። ልዘጋው ስል የሙሉጌታ ድምፅ መጣ፣ ያ ተዋናዮችን የሚያዝበት የረጋ ድምፁ፦

«ጥሩ ነው። አባዬ ብቻ ዘገየ። እንደገና።»

ለማንም አልነገርኩም። ዛሬ ጠዋት ግን አባቴን ደጃፍ ላይ ቴፑን በጨርቅ ሲወለውል አገኘሁት።

«ምን ልታደርገው ነው?»

«በአርባው ይቀመጥለታ፣ ሙያው አይደል?» አለኝ።

ይህችን ቃል ከአፉ ለመስማት ስንት ዓመት ለምኛለሁ። አሁን ፊቱን ማየት አስጠላኝ፣ እየወለወለ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ደግሞ ቀደም አድርጎ ይከፍታል።