የታጠቡት ብልቃጦች

እናቷ ካረፈች ወዲህ አባቷ ባዶ ቤት መዋል ስላልሆነላቸው ጋዜጣቸውን ይዘው እሷ የምትሠራበት ቤተ ሙከራ እየመጡ ከመታጠቢያው አጠገብ ይቀመጡ ነበር። እሷም ብትሆን ከሳቸው ሌላ ሰው አልነበራትም። ጠዋት የምትገባው ባክቴሪያዎቿ ጋ፣ ማታ የምትሰናበተውም እነሱኑ ነው።

አንድ ቀን አጠገቧ የሚሠራው ወጣት ተመራማሪ ጠጋ አለ። «ጎረቤት» እያለች ነበር የምትጠራው።

«ቁጭ ብለሽ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«አረንጓዴ እስኪሆኑ። ብረት ሲያጡ፣ ብረት ለቅሞ የሚያመጣላቸው አረንጓዴ የሚያበራ ነገር ወደ ውጭ ይልካሉ። ብረቱን ይዞ ሲመለስ ደጃፋቸው ላይ ያለው ተቀባይ ወሬውን ወደ ውስጥ ያቀብላል፤ ተኝቶ የነበረ ጂን፣ የዘር መመሪያቸው ማለት ነው፣ ይነሳና ያንኑ አረንጓዴ ነገር ገና ብዙ ይሠራሉ። ሲጠግቡ ይዘጋል።»

«መጀመሪያ የሚልኩት ብረት መኖሩን ሳያውቁ ነው?»

«ሳያውቁ።»

ቀና ብሎ አያት። እሷም ዓይኗን ከሱ ላይ ቶሎ አላነሳችም።

ከዚያ ወዲህ ምሳ ለሦስት ሆነ። አባቷ «ልጄ» ይሉት ጀመር። እሷም ሳታስበው ፀጉሯን እየተሠራች መምጣት አበዛች።

ጉንፋን ለጥቂት ቀናት አልጋ ላይ አዋላት። ስትመለስ ሙከራዋን ጀመረች፤ ባክቴሪያዎቹ ያሉባቸው ብልቃጦች ግን አረንጓዴ ሳይሆኑ ውሃ መስለው ቀሩ። ከመታመሟ በፊት፣ ብረት የሚባል ነገር እንዳይነካቸው በአሲድ ዘፍዝፋ ያስቀመጠቻቸው ናቸው። ወደ ብርሃን አንስታ ብታያቸው ውስጣቸው ተጫጭሯል።

«ማነው የነካቸው?»

ጎረቤት ጋዜጣ ታቅፈው ያንቀላፉትን አባቷን አየት አደረገ። «እኔ ነኝ። ላግዝሽ ብዬ በሽቦ ፈተግኳቸው።»

«አንተ? ሽቦ ብረት መሆኑ ጠፍቶህ?»

ብልቃጦቹን ሊሰበስብላት እጁን ዘረጋ።

«ሁለተኛ ዕቃዬ አጠገብ እንዳትደርስ። እኔም አጠገብ።»

ብዙም ሳይቆይ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው አልተቀመጠም። ሙከራው በኋላ ተሳካ፤ አረንጓዴውን ብርሃን ብቻዋን አየችው።

ከዓመት በኋላ፣ አባቷ ወጥ ቤት ድስት እየፈተጉ ጨዋታ አነሱ።

«ታመሽ ጊዜ ብልቃጦችሽንም እንዲህ ነበር ያጸዳሁልሽ። ያ ልጅ ‹እንደ ተአምር ሠሩላት› ሲለኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ።»

የያዘችው ሳህን ከበዳት። ወደ ጓዳ ገብታ ለጎረቤት ደወለች።

«ለምን አልነገርከኝም?»



«ስደርስ አባትሽ አጥበው ጨርሰዋል። እያንጎራጎሩ ነበር። እዚያ ወንበር ላይ ስንት ጊዜ ሲቀመጡ አንድም ቀን ሲያንጎራጉሩ ሰምቼ አላውቅም።»

«በኋላስ?»

«በኋላማ ትደውያለሽ ብዬ ጠበቅኩ። ቆይቼ መጠበቁን ተውኩት።»

ከጀርባው የሴት ድምፅ «ማነው ፍቅሬ?» አለ።

«አብራኝ ትሠራ የነበረች ናት» አላት፤ በለሰለሰ ድምፅ።

ይቅርታ ጠየቀችው፤ መልካሙን ሁሉ ተመኘችለት። እሱም «አንቺም ደህና ሁኚ» አላት። ሁለቱም ለመዝጋት ትንሽ ዘገዩ።

ፊቷን ታጥባ ስትመለስ አባቷ ቀና አሉ።

«ማን ነበር?»

«ጎረቤት። ሰላም በይልኝ ብሏል።»

«የኔ ልጅ። የብልቃጦቹን ነገር አነሳልሽ?»

«አነሳልኝ፣ አባዬ። ያኔ ባይታጠቡ ኖሮ ሥራዬ ይበላሽ ነበር አልኩት።»

አባቷ ፈገግ ብለው ወደ ድስቱ ተመለሱ። እሷም ፎጣ አንስታ አጠገባቸው ቆመች፤ የሚያቀብሏትን እየተቀበለች ማድረቅ ጀመረች።