ቀጥ ያለው መስመር

ኢዮብ ያለው ይህ ነው፦ እሱ፣ ሶስናና ሩት ከሾላ ሜዳ ተነስተው በድልድዩ በኩል መጡ፤ ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ሩት «በቃ ደከመኝ» ብላ ሾላ ሜዳ ወዳለው አክስቷ ቤት ተመለሰች።

ጂፒኤሱ ያለው ደግሞ ይህ ነው፦ ማንም በድልድዩ በኩል አልመጣም። በትንሿ ስክሪን ላይ የተሳለው ዱካ ከሾላ ሜዳ እየተጠማዘዘ መጥቶ የሮቢ ወንዝ አፋፍ ላይ ሲደርስ ድንገት ቀጥ ይላል። ኮረብታውን አናቱ ላይ ሰንጥቆ ያልፍና ከወዲህ፣ አስፋልቱ አቅራቢያ፣ እንደገና መጠማዘዝ ይጀምራል።

መምህር ሞገስ አንዴ ኢዮብን፣ አንዴ ስክሪኑን ተመለከቱ።

«ከሁለት አንዱ ተሳስቷል» አሉ።

ሶስና ግን አንዱ ብቻ ሳይሆን ሁለቱም እንደተሳሳቱ ታውቅ ነበር። ሩት ድልድዩ ጋም ኮረብታው ላይም አልነበረችም።

«አክስቷ ጋ ደውያለሁ፤ አልመጣችም አለች» አሉ ጋሼ ደምሴ። የሩት አጎት ናቸው፤ ሁሉም የቆሙት እሳቸው ጎማ በሚጠግኑባት ሱቅ በር ላይ ነበር። እጃቸው ላይ ያለውን ጥቁር ቅባት በሱሪያቸው ጠረጉ። «የራሷም ስልክ አይሠራም። በል እስቲ ኢዮብ፣ ረጋ ብለህ አስብ። በየት ነው የመጣችሁት?»

«በ... በኮረብታው ነው መሰለኝ» አለ ኢዮብ። «አዎ፣ በኮረብታው። በድልድዩ የመጣነው ሌላ ቀን ነው። ተምታታብኝ።»

«ሰው የዛሬ መንገዱ ይምታታበታል እንዴ?»

«ፀሐዩ ነው፣ ጋሼ።»

መምህር ሞገስ ስክሪኑን ወደ ሶስና አዞሩት። «ይሄ መስመር ግን ለምን እንዲህ ቀጥ አለ? መሣሪያው ጠፍቶብሽ ነበር እንዴ?»

ሁሉም አዩዋት። ኢዮብ ከመምህሩ ጀርባ ሆኖ ዓይኑን አፈጠጠባት።

«አልጠፋም፣ ቲቸር» አለች ሶስና።

«እንግዲያው በኮረብታው ነው የመጣችሁት። ሰው ይምታታበታል፤ መሣሪያ አይዋሽም።»

መሣሪያውን የመረጠችው እሷ ነበረች። ቀበሌው ከሾላ ሜዳ እስከ አስፋልቱ ባጃጅ የሚያስገባ ጥርጊያ መንገድ ሊያወጣ አስቦ፣ የትምህርት ቤቱ የጂኦግራፊ ክበብ የእግር መንገዶቹን እየሄደ እንዲመዘግብ ተጠይቆ ነበር። ክበቡ ያለው ጂፒኤስ አንድ ብቻ ነው፤ ቢጫ፣ ስክሪኑ የክብሪት ቀፎ የሚያህል፣ በሁለት ባትሪ ድንጋይ የሚሠራ። ኢዮብ ገና ሲያየው ነው የሳቀው። «የኔ ስልክ እያለ ይሄ ቅርስ ምን ያደርግልናል?»

መምህር ሞገስ አልፈረዱም። «ሁለቱንም ይዛችሁ የኳስ ሜዳውን ዙሩና አምጡልኝ» አሉ። የኢዮብ ስልክ በቀወት ቆላ ፀሐይ ግሎ ግማሽ ላይ ተዘጋ። እስከዚያ የመዘገበው ዱካም ሜዳውን ትቶ በመማሪያ ክፍሎቹ ጣሪያ ላይ ይሄድ ነበር። ቢጫው ሜዳውን ከነማዕዘኑ ሳለው።

«ይሄኛው» አለች ሶስና፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ኃላፊው እሷ ሆነች። ከመነሳቷ በፊት ገላጣ ቦታ ቆማ ሳተላይቶቹን እስኪያገኝ መጠበቅን፣ ሰማይ እንዲያየው የቦርሳዋ ማንገቻ ላይ ከፍ አድርጋ ማሰርን፣ መለዋወጫ ድንጋይ መያዝን ለመደች። መምህሩ አንድ ነገር ደጋግመው ነግረዋታል። «እሱ የሚያውቀው ነጥቦቹን ብቻ ነው። በሁለት ነጥብ መካከል ያለውን መስመር የሚያሰምረው በግምት ነው።»

ለሁሉም ደጋግመው የተናገሩት ሌላ ነገርም ነበር። በፈለጋችሁበት ሂዱ፤ ወንዙ ውስጥ ግን እንዳትገቡ። ሚያዝያ ነው። እዚህ ፀሐይ እያቃጠለ ደብረ ሲና ላይ ይዘንባል። ወንዝ የገባ ከክበቡ ይወጣል፣ ወላጅም ያመጣል።

ወንዙ ግን የኮረብታውን እግር ዞሮ የሚያልፍ ነው። አሸዋው ደርቆ፣ ውሃው ከቁርጭምጭሚት በታች ሆኖ ሲታይ፣ በድልድዩ መዞርም ኮረብታውን መውጣትም ሞኝነት ይመስላል።

«አጥፊው» አለ ኢዮብ ዛሬ አፋፉ ላይ ቆሞ። «ስንወጣ ታበሪዋለሽ።»

«ቲቸር ቢያውቁስ?»

«ማን ይነግራቸዋል? አታካብጂ! ፋራ አትሁኚ።»

ሩት ሳቀች። ሶስና ቁልፉን ተጭና ያዘች፤ ስክሪኑ ጠፋ።

እዚያ ታች፣ ወንዙ በሚታጠፍበት፣ ሩት የሚያንሸራትት ድንጋይ ረግጣ ወደቀች። ስትነሳ ቀኝ እግሯ አልሸከም አላት። ግራና ቀኝ ደግፈው ሊያወጧት ሞከሩ፤ አፋፉ ገደል ስለሆነ አልቻሉም። ስልክ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ኔትወርክ የለውም። በመጨረሻ አለት ሥር፣ ጥላ ውስጥ አስቀመጧት።

«ሂዱና የኢዮብን ወንድም ከነባጃጁ አምጡልኝ» አለች ሩት ከንፈሯን ነክሳ እየሳቀች። «እንደ ሙሽራ ታጅቤ እወጣለሁ።»

ሐሳባቸውም እሱ ነበር፤ ማንም ሳያይ የኢዮብን ወንድም ይዘው መመለስ። ነገር ግን አስፋልቱ ላይ ሲወጡ መምህር ሞገስና ጋሼ ደምሴ ቆመው ይጠብቋቸው ነበር። «ሩትስ?» ተብለው ሲጠየቁ ሶስና አፏን ሳትከፍት ኢዮብ ዋሸ። ውሸቱ ትንሽ ነበር፤ ወንድሙ እስኪመጣ ድረስ ብቻ የሚቆይ።

አሁን ግን ጋሼ ደምሴ ሰው እየሰበሰቡ ነው። ባጃጅ ነጂዎች መጡ። ከመንገዱ ማዶ ማንጎ የሚሸጡት የሩት እናት፣ እትዬ ዘነበች፣ ግርግሩን አይተው ነጠላቸውን እየጎተቱ ተሻገሩ።

«ምንድነው? ልጄ ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም፣ እህቴ» አሉ ጋሼ ደምሴ። «ኮረብታው ላይ ደክሟት ተቀምጣ ይሆናል። አሁን ይዘናት እንመጣለን።»

«ብቻዋን?» እትዬ ዘነበች ወደ ሶስና ዞሩ። «አብራችሁ አልነበራችሁም እንዴ፣ ሶሲዬ?»

ኢዮብ የሶስናን ክንድ ይዞ ከአሮጌ ጎማዎቹ ክምር ጀርባ ሳባት።

«ዝም በይ» አለ በሹክሹክታ። «ወንድሜ ከጀውሃ ከተማ ተነስቻለሁ ብሎ መልእክት ልኮልኛል። እነሱ ኮረብታው ላይ ሲፈልጉ እኛ እናወጣታለን። ማንም አይጎዳም።»

«ኮረብታው ላይ የለችም እኮ!»

«ቢፈልጉስ ምን ይሆናሉ? ይደክማቸዋል። በቃ!»

ስልኩን አሥሬ እያወጣ ያይ ነበር። ኢዮብ ሲፈራ አይታ አታውቅም። የሱ ፍርሃት የራሷን አባሰባት።

ነፋሱ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲጋረፍ የዋለው አየር ድንገት ቀዘቀዘ፤ የእርጥብ አፈር ሽታ ይዞ መጣ። ማንጎ ሻጮቹ አንድ በአንድ ቀና አሉ። ከራሳቸው በላይ ያለው ሰማይ ጥርት ያለ ነበር። በምዕራብ በኩል ግን የደጋው ተራራ አይታይም። የጣርማ በር ዳገት ያለበት ቦታ ጠቁሮ፣ ጥቁረቱ ውስጥ መብረቅ ብልጭ ይላል፤ ድምፁ አይሰማም።

«ደጋው ላይ እየጣለ ነው» አለ አንዱ ባጃጅ ነጂ። «ዛሬ ሮቢ ይመጣል።»

ይመጣል። ሶስና ይህን ቃል ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው ኖራለች። እዚህ አገር ወንዝ ሞላ አይባልም፤ መጣ ነው የሚባለው፣ እግር እንዳለው ነገር። ሲመጣ ደግሞ አይጣራም።

ጋሼ ደምሴና ሰዎቹ ኮረብታውን መውጣት ጀምረዋል። «ሩት! ሩቲዬ!» ይላሉ። ጀርባቸውን ለወንዙ ሰጥተው ይርቃሉ። መምህር ሞገስ ጂፒኤሱን ለሶስና መልሰው ሊከተሏቸው ሱሪያቸውን ይጠቀልላሉ።

ሶስና ስክሪኑን አየች። ሰው እንዲህ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ሰው ግራሩን ይዞራል፣ ድንጋዩን ይዞራል፣ ሲደክመው ይቆማል። በዚህ መስመር ላይ ማንም አልሄደም። ይሄ ሁሉ ሰው ግን እሱን ተከትሎ እየወጣ ነው። ሩት ደግሞ ታች፣ ከአለቱ ሥር፣ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ከዚያ ጉድጓድ ተራራው አይታይም። መጥቆሩን አታውቅም።

እግሮቿ ቀድመዋት ሮጡ።

«ቲቸር! ኮረብታው ላይ የለችም! ወንዙ ውስጥ ናት! እግሯ ተጎድቷል፣ መነሳት አትችልም!»

መምህር ሞገስ ዞሩ። ተራራውን አዩ፣ እሷን አዩ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«የት ጋ?»

ጂፒኤሱን ዘረጋችላቸው። በጣቷ መስመሩ እንደገና መጠማዘዝ የሚጀምርበትን ነጥብ ነካች። «የወጣነው እዚህ ጋ ነው። ከዚህ ወደ ታች፣ ወንዙ በሚታጠፍበት።»

«ደምሴ! ተመለሱ! ወንዙ ውስጥ ናት!» ብለው ጮኹ መምህሩ። ከዚያ ለሶስና «ምሪን» አሏት።

ከፊት ሮጠች። እሾህ ቀሚሷን ይቀደዋል፣ ዓይኗ ግን ከስክሪኑ አይነቀልም። ያለችበትን የምታሳየው ትንሿ ቀስት ወደ ነጥቧ ትቀርባለች፣ ትስታለች፣ ትመለሳለች። ቀስቷ ነጥቧ ላይ ስታርፍ ሶስና አፋፉ ላይ ቆማ ነበር።

«ሩት!»

ታች ያለው ውሃ ቀልቷል። ወደ አለቱ ተጠግቷል። ገለባና የደረቀ ቅጠል እየገፋ ዝም ብሎ ይሄዳል።

«ሩት!»

«ምነው እንዲህ ቆያችሁ?» የሚል ድምፅ ከአለቱ ሥር ወጣ። «ሙሽራ እንዲህ...» ቀልዱን መጨረስ አልቻለችም። እያለቀሰች ነበር። ውሃው ጉልበቷ ላይ ደርሶ ነበር።

ጋሼ ደምሴ እየተንሸራተቱ ወረዱ። ሩትን ጀርባቸው ላይ አዘሏት። ያን ጊዜ ከላይ በኩል ድምፁ ተሰማ፤ ፍሬን የጠፋበት ተሳቢ መኪና ከጣርማ በር ቁልቁል ሲመጣ ዓይነት። መምህር ሞገስ አፋፉ ላይ በደረታቸው ተኙ፤ ሁለት ባጃጅ ነጂዎች እግራቸውን ያዙ፤ የነጂዎቹን ወገብ ኢዮብና ሶስና ያዙ። ጋሼ ደምሴ የዛፍ ሥር ጨብጠው ወጡ፣ ተንሸራተቱ፣ እንደገና ወጡ። የመምህሩ እጅ የሩትን ክንድ አገኘ። ሁሉም ወደ ኋላ ተጎተቱ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ወደቁ፤ ጋሼ ደምሴ በጉልበታቸው እየዳሁ ከኋላ ደረሱ።

ሶስና ቀና ስትል ወንዙ መጥቷል። ቡናማ፣ ወፍራም፣ ግንድ ተሸክሞ። አለቱን ፈለገችው፤ የለም።

እትዬ ዘነበች ባዶ እግራቸውን ደረሱ። «እመቤቴ! እመቤቴ ማርያም!» እያሉ ልጃቸውን ከራሷ እስከ እግሯ ዳበሱ። ከዚያ ሶስናን አንገቷን አቅፈው ደጋግመው ሳሟት። «አንቺ ነሽ ያወጣሽልኝ። ተባረኪ፣ ልጄ። ያ የያዝሽው መሣሪያም ይባረክ።»

«መሣሪያውስ አሳስቶን ነበር» አሉ መምህር ሞገስ፣ ገና እያለከለኩ። ከልብሳቸው ላይ ጭቃውን አራገፉ። «አሁን ገባኝ። ገደሉ ውስጥ ሰማይ አይታይም፤ ሳተላይቶቹ ጠፍተውበታል። ለዚህ ነው በግምት ቀጥ ያለ መስመር ያሰመረው። አርጅቷል። ኮረብታው ላይ ልኮን ልጅቷን ሊያስበላን ነበር። ካሁን በኋላ አንይዘውም።» ወደ ሶስናና ኢዮብ ዞሩ። «ወንዝ ስለመግባታችሁ ነገ እንነጋገራለን። ዛሬ ተርፋለች፤ ይበቃናል።»

ኢዮብ አጠገቧ ቆሞ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ሩት ከእናቷ ትከሻ በላይ ሶስናን አየቻት።

ጂፒኤሱ አሁንም በርቷል። ስክሪኑ ላይ አዲስ ዱካ ተስሏል፤ ከጎማ ጥገናው ተነስቶ እየተጠማዘዘ፣ እሾሁን እየዞረ፣ እዚህ አፋፍ ድረስ የመጣ። ሶስና በአውራ ጣቷ ጭቃውን ጠረገችለት። ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም። እትዬ ዘነበች እጇን አልለቀቁም፤ ሙቀታቸው ይሰማታል። የሚቀጥለውን ቃል ከተናገረች ይለቋት ይሆናል።

«ቲቸር» አለች። ድምጿ ከወንዙ በላይ እንዲሰማ ደገመችው። «ቲቸር፣ ሰማይ አልጠፋበትም። አላረጀም። አፋፉ ላይ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ሲጠይቁኝም ዋሸሁዎት።»

ኢዮብ አንገቱን ደፋ።

«ነገ ወላጄን ይዤ እመጣለሁ።»