የሰማያዊ ፋኖስ ቺፖች

«አንድ ብቻ። ግድግዳ ውስጥ ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው። ይሄ ምኑ ይከብዳል?» አለች ቴስ፣ የእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ በር ላይ ቆማ ፀጉሯን እያሰረች። «አንቺ ደግሞ ጭጭ ነው።»

«የሚጠይቀው እኮ አያቴ ነው» አለች ማይቴ።

«እኔን ነው የሚጠይቀው፤ አንቺን አይደል። ኧረ ማይ፣ አታካብጂ በናትሽ! ደግሞ ምለሽልኛል።»

ምላለች። ጉዱም እዚህ ላይ ነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት የቴስ እናት የልብስ ማጠቢያ ክፍሉን ግድግዳ አፍርሱ ብላቸው ሥራ ሄደች። ቴስ መዶሻዋን ስታሳርፍ ጣውላው ተገነጠለና ከኋላው ሦስት ትልልቅ የቡና ቆርቆሮዎች ወጡ። ሦስቱም እስከ አፋቸው በካርታ ቤት ቺፕ ተሞልተዋል፤ ድሮ ቁማርተኞች በገንዘብ ፈንታ ጠረጴዛ ላይ የሚወረውሩት ክብ የሸክላ ቺፕ። ቀለሙ ሰናፍጭ የመሰለ ቢጫ ነው፣ መሃሉ ላይ ሰማያዊ ፋኖስ ታትሞበታል። ቴስ ቆሻሻ መስሏት ከፍርስራሹ ጋር ልትደፋው ስትል ማይቴ ጮኸች። ምነው ያኔ አፏን በቆረጠው!

ኤልኮ ከተማ ውስጥ ቺፕ የሚሰበስብ ሰው ሁሉ ያንን ፋኖስ ያውቀዋል። «ሰማያዊ ፋኖስ» የሚባለው ካርታ ቤት ከሰባ አምስት ዓመት በፊት ከነዕቃው ተቃጥሎ አመድ ሆኗል። ከእሳቱ የተረፉት ቺፖች በዓለም ላይ ሦስት ብቻ ናቸው ይባላል። ከሦስቱ አንዷ የማይቴ አያት የቤኛት ኢቻርት ናት። ቤኛት ሠላሳ ዓመት በካዚኖ ካርታ ሲያድል ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ አሁን የሰብሳቢዎች ክበብ ሊቀመንበር የሆነ ሰው ነው። ቺፗን ሳሎን ውስጥ በመስታወት ሰቅሏታል። ቤቱ የመጣ እንግዳ ኮቱን ሳያወልቅ እሷን ማየት አለበት።

ማይቴ ይህን ሁሉ እዚያው ፍርስራሹ ላይ ተቀምጣ ለቴስ ነገረቻት። ቴስም አዳምጣ ስትጨርስ «በቃ፣ አንድ አንድ እያልን ለገበያ እናወጣቸዋለን» አለች። ከተማው መሃል ያለው ኮርቻ ሠሪ መስኮት ላይ የተሰቀለውን ኮርቻ ከተመኘችው ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ በሚቀጥለው በጋ የፈረስ እሽቅድምድም ልትወዳደርበት። ማይቴም ለጓደኛዋ ደስ ብሏት፣ ሳታስብበት፣ ማለች።

በማግስቱ ቴስ አሥራ ሁለት ቺፖች የሳህን ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከተተቻቸው። ሲወጡ እንደ ረጠበ ብስኩት አብጠው ነበር። ሰብሳቢ ቢሰማ ራሱን ይስታል! የድሮ ቺፕ በውኃ አይታጠብም፤ አቧራውም ቢሆን የሚጠረገው በደረቅ ጨርቅ ነው። ቴስ ግን ትከሻዋን ሰበቀች። «ምናለበት? ሌላ ሞልቷል» አለች።

አዳራሹ ውስጥ ሃያ የሚሆኑ አረጋውያን ቺፖቻቸውን በየጠረጴዛው ደርድረው ዶናት እየበሉ ይጨቃጨቃሉ። የወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ከፊት ወንበር ላይ ሚስ ኦፓል ተቀምጠዋል። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸው ላይ በገላ ፎጣ የተጠቀለለ ትልቅ ነገር አቅፈዋል፤ ዛሬ በቴስ ቺፕ ሊለውጡት ነው ያመጡት።

«ማይቴ፣ ነይ እስቲ ይሄን ያዥልኝ። እጄ ዛሬ አልታዘዝ ብሎኛል።»

ማይቴ አንዱን ጫፍ ያዘች። ፎጣው ሲገለጥ ከሥሩ የመስታወት ክዳን ያለው የእንጨት ሳጥን ወጣ። ውስጡ ሠላሳ አንድ ቺፖች በየቀዳዳቸው ተቀምጠዋል። የሚስ ኦፓል ባል ክላይድ ጭነት መኪና ይነዳ በነበረበት ዘመን በአውራጃው ካለ ካርታ ቤት ሁሉ አንድ አንድ እያለ ለአርባ ዓመት የሰበሰባቸው ናቸው። ክላይድ ከሞተ አራት ዓመት አልፎታል።

«ይቺን ያገኛት በበረዶ ቀን የአንድ ባለ ካርታ ቤት ጎማ ቀይሮ ነው» አሉ ሚስ ኦፓል በጣታቸው መስታወቱን እየነኩ። «በዚችኛዋ ሰበብ ደግሞ ጥርሱን ተሰበረ። የኔ ጅል! ጥርሱን ትቶ ቺፗን ይዞልኝ መጣ።»

መሃል ላይ ያለው ቀዳዳ ባዶ ነበር።

«እሱ የሰማያዊ ፋኖስ ነው። እናቴ እዚያ ካርታ ታድል ነበር። እኔን የስምንት ወር አርግዛም አልተወችም፤ ሆዷ ከጠረጴዛው አላስጠጋ ሲላት በጎን ተቀምጣ ታድላለች። ቃጠሎው የተነሳ ቀን ቤታችንም አብሮ ነደደ። እጇ የነካው ዕቃ አንድም የለኝም፣ መርፌም ብትይ።»

«ሳጥኑን መስጠት ግን... አይከብድዎትም?» አለች ማይቴ።

«ይከብደኛል እንጂ! ሌሊቱን ሳለቅስ ነው ያደርኩት። ክላይድን እንደገና የምቀብረው ነው የመሰለኝ።» አፍንጫቸውን በፎጣው ጫፍ ጠረጉ። «ግን በዓለም ላይ አራተኛዋ ናት፣ የኔ ልጅ። ለእንዲህ ያለች ነገር ምን ይሰጣል? ያለኝ ይሄው ነው።»

ማይቴ ሳጥኑን ቀስ ብላ ለቀቀችና ቴስን በእጅጌዋ ጎትታ ወደ ዶናቱ ጠረጴዛ ወሰደቻት።

«ዝም ብለሽ አንዱን ስጫቸው። አራት መቶ ቺፕ አለሽ፣ ቴስ!»

«ቀስ በይ፣ ይሰሙናል። በነፃ ከሰጠኋቸው እኮ ሌላ እንዳለኝ ይገባቸዋል።»

«ሳጥኑን ምን ታደርጊዋለሽ?»

«ሰኞ ከሬኖ ከተማ አንድ ሰውዬ መጥቶ ይገዛዋል። ከዚያ እሱ ቺፖቹን እየነቀለ ለየብቻ ይሸጣቸዋል። እኔ ኮርቻዬን፣ እሳቸው ፋኖሳቸውን። ማን ተጎዳ?»

«እየነቀለ?»

«ኧረ ባክሽ! ቆይ፣ የአያትሽን ነገርስ አስበሽዋል?» ቴስ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አራት መቶ አለ ብትይ የሱ ቺፕ ለምን ትሆናለች? ለቁልፍ መያዣ! እኔ እኮ ለሱም ብዬ ነው።»

ማይቴም ሁለት ሳምንት ሙሉ ያሰበችው ይህንኑ ነው። አያቷ ያቺን መስታወት በየእሑዱ ሲወለውል እያየች፣ ቁርሷን ሳትጨርስ ትነሳ ነበር።

ቤኛት በጣቱ አንጓ ጠረጴዛውን ኳ ኳ አደረገና ሁሉም ዝም አሉ። በዚህ ክበብ ልውውጥ ሲደረግ የቆየ ሥርዓት አለ። የቺፕ ዋጋው ጥቂት መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ባለቤቱ በሰው ሁሉ ፊት «ስንት አሉ?» ተብሎ ይጠየቃል። ቀጥሎ ሊቀመንበሩ ወደ ተሰብሳቢው ዞሮ «ከዚህ ሌላ የሚያውቅ?» ይላል። ዝም ከተባለ ልውውጡ ጸደቀ፤ ከዚያ ወዲያ ተሸወድኩ፣ ተጸጸትኩ የለም። ድሮ አንድ ሰው ሙሉ መሳቢያ ደብቆ «ሁለት ናቸው» ብሎ ነበር ይባላል። እስኪሞት ድረስ ሰላም ያለው አልነበረም።

ቤኛት የቴስን ቺፕ በማጉያ መነጽር አየ፣ ገልብጦም አየ። ፊቱ በራ። «እንኳን ደህና መጣሽ!» አላት ቺፗን፣ ለሰው እንደሚናገር። «እኔስ ብቻዬን የማረጅ መስሎኝ ነበር።» አዳራሹ ሳቀ።

«እሺ ቴስ፣ የኔ ልጅ። ስንት አሉ?»

«አንድ» አለች ቴስ። ዓይኗ እንኳ አልተርገበገበም። «አንድ ብቻ፣ ሚስተር ኢቻርት።»

«ከዚህ ሌላ የሚያውቅ?»

ይህን ሲል ቀና እንኳ አላለም። ማንም መልስ ሰጥቶ አያውቅማ! ሚስ ኦፓል ሳጥኑን በሁለት እጃቸው ወደ ፊት ገፉት። የቴስ እጅ ጠርዙ ላይ አረፈ። ሚስ ኦፓል ግን ጣቶቻቸውን ገና አላነሱም ነበር።

ማይቴ ብድግ አለች። ወንበሯ ወለሉ ላይ ሲጢጥ አለ።

«አያቴ፣ እንደገና ጠይቃት።»

«ምን አልሽ?»

«ቴስን። እንደገና ጠይቃት። እባክህ።»

ቤኛት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ካርታ ያደለው የሰው ፊት እያየ ነው። የልጅ ልጁን አየ፣ ቴስን አየ፣ ከዚያ በእጁ ያለችውን ቺፕ አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ቀስ እያለ ሲወርድ ማይቴ ቆማ ተመለከተች፤ ከዚያ የባሰ ነገር አይታ አታውቅም። ቢፈልግ ኖሮ «ጥያቄው አልፏል፣ ተቀመጪ» ሊላት ይችል ነበር። ሥርዓቱም ይፈቅድለታል።

መነጽሩን አወለቀ።

«ቴስ» አለ፣ አሁን ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ስንት አሉ?»

ቴስ ማይቴ ላይ አፈጠጠች። «ምለሽልኝ ነበር» አለች በከንፈሯ ብቻ። ማይቴ አልተቀመጠችም። ቴስ ደግማ «አንድ» ብትል ቀጥሎ ማን እንደሚናገር ሁለቱም ያውቃሉ።

«ሦስት ቆርቆሮ» አለች ቴስ በመጨረሻ። «ሦስት የቡና ቆርቆሮ ሙሉ።»

«አምላኬ!» አለ አንድ ሰው ከኋላ። ቴስ ጃኬቷን አንስታ፣ ቺፗን እዚያው ጥላ፣ በሩን ወርውራው ወጣች።

አዳራሹ በአንድ ጊዜ መንጫጫት ጀመረ። ሚስ ኦፓል ሳጥኑን መልሰው ጉልበታቸው ላይ አቀፉት፤ እንባቸው መስታወቱ ላይ ይንጠባጠባል። ማይቴ ልታጽናናቸው ጎንበስ ስትል ክንዷን ጨምድደው ያዟት።

«ሦስት ቆርቆሮ ሙሉ?» አሉ። «እናቴ ያን ሁሉ ነክታዋለች ማለት ነው?»

«አዎ» አለች ማይቴ። «ሁሉንም ሳይነኳቸው አልቀሩም።»

ቤኛት ብቻውን ሄዶ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ማይቴ ሄዳ አጠገቡ ቆመች። ሊስቅ ሞከረና አልሆነለትም።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ ሳሳያት» አለ። «የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ልጅ እንኳ አልማርኩትም። አስገብቼ አሳይቼዋለሁ።»

«ተናደድክብኝ?»

«ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ ግን ገና አላወቅኩም። ትንሽ ጊዜ ስጪኝ።» የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። «ነይ ላድርስሽ። ጓደኛሽ ዛሬ አብራሽ የምትሄድ አይመስለኝም።»

ማይቴ በመስኮቱ አየች። ቴስ ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፤ ፀሐዩ እያቃጠለ የጃኬቷን ቆብ አጥልቃ። እናቷ የምትመጣው እኩለ ቀን ላይ ነው። ገና አርባ ደቂቃ ይቀራል።

«አንተ ሂድ» አለችው ማይቴ። «እኔ ከቴስ ጋር ነው የመጣሁት።»

ወጥታ ክንድ ያህል ራቅ ብላ ጠርዙ ላይ ተቀመጠች።

«ጥፊ ከዚህ» አለች ቴስ ቀና ሳትል።

ማይቴ አልተነሳችም።