አረንጓዴው የእስስት ቤት

ሙጃሂድ በችግኝ መሸጫው ጓዳ ውስጥ፣ ታጥቦ ገና ባልደረቀ ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግሩ ወድቆ ሞቶ ተገኘ። ከእጁ ያመለጠው የውሃ መርጫ ግድግዳው ሥር ተጋድሟል። ከፊቱ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ ለሚያሳድጋት እስስት የተሠራ አዲስ አረንጓዴ የብረት ቤት ቆሟል። ሠርጉ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር።

ኢንስፔክተር ውባለም ከወልድያ መርሳ ስትደርስ ደጁ በሰው ተጨናንቋል። ሕዝቡ ፍርዱን ጨርሷል። የብረት ቤቱን የበየደው ሮቤል ፊቱ አመድ መስሎ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆሟል።

«ብረት ሠርቶ ገደለው! ድሮም ይቀናበት ነበር!» ይላል አንዱ።

የሟቹ የአክስት ልጅ ኡበይደላ ግን ሰውን እየገፋ ወደ ኢንስፔክተሯ ቀረበ። ባጃጅ ነጂ ነው፤ ዓይኖቹ በልቅሶ አብጠዋል።

«እመቤቴ፣ አደጋ ነው። ሮቤልንም ልቀቁት፣ ጀናዛውም አይዘግይብን። የአሏህ ውሳኔ ነው» አላት።

ውባለም አንገቷን ነቅንቃ ብቻዋን ወደ ጓዳው ገባች።

መስኮት የሌለው ጓዳ ነው፤ የእጅ ባትሪዋን አበራች። የሟቹ ቀኝ መዳፍ ላይ የቃጠሎ ምልክት አየች። ይህ አልገረማትም፤ ኤሌክትሪክ ይዞት እንደሞተ ተነግሯታል። የገረማት የሸሚዙ ኪስ ነው፤ የስልኩ መብራት በጨርቁ ውስጥ እስካሁን ይበራል። በቀን፣ አምፖል ያለበት ቤት ውስጥ፣ ሰው የስልክ መብራት ምን ያደርግለታል?

የብረት ቤቱን ከኋላ ዞራ አየችው። እስስቷን ለማሞቅ የታሰረው አምፖል ገመድ አንድ ቦታ ላይ ልባሱ በስለት ተልጦ፣ ቀለሙ ከተፋቀ ብረት ጋር ተጣብቆ ታስሯል። የበሩ መቀርቀሪያም ቀለሙ ተፍቋል። ጎንበስ ብላ ጠረጴዛውንና ወለሉን መረመረች፤ አንዲት የቀለም ፍቅፋቂ የለም። ጥግ ላይ ከፍራፍሬ ሣጥን የተሠራ አሮጌ የእስስት ቤት አለ። ፊቱን የሸፈነውን የፕላስቲክ መረብ አይጥ ቀዳዶት በክር ተሰፍቷል። እስስቷ እዚያ ውስጥ ቅርንጫፍ ጨብጣ፣ አንዱን ዓይኗን ወደ በሩ፣ ሌላውን ወደ ሬሳው አዙራለች።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ጎረቤቱን፣ ልብስ ሰፊዋን እትዬ አሚናን ነው። ሬሳውን ያገኙት እሳቸው ናቸው።

«እትዬ፣ ሲገቡ አምፖሉ በርቶ ነበር?»

«ቦግ ብሎ ነዋ ልጄ! ጩኸቴን ሰምቶ ሮቤል ከማዶ ሮጦ መጣና ‹አይንኩት› ብሎ ደጅ ካለው ቆጣሪ ላይ ብሬከሩን ዝቅ አድርጎ መብራቱን አጠፋው።»

«ዛሬ ጠዋት መብራት ሄዶብዎት ነበር?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬስ አልሄደም። በመብራት የሚሠራው የስፌት መኪናዬ ላንድ አፍታ ሳይቆም ስሰፋ ነው የዋልኩት።»

«ሙጃሂድን የሚጠላው ሰው አለ?»

አሮጊቷ መነጽራቸውን አወለቁ። «መጥላት እንኳ የለም። መቅናት ግን... እሱም ‹ምቀኛ አታሳጣኝ› እያለ ይስቅ ነበር። ሮቤል አብሮ አደጉ ነው፤ ሙጃሂድ ይሄን ሱቅ ሲከፍትና ሲታጭ ግን ፊቱን ነሳው። እጮኛውን ናጅዋን ደግሞ ስንቱ ጠይቋታል! ኡበይደላም ሽማግሌ ልኮ እምቢ ብላዋለች። ኋላ ግን ለሙጃሂድ ሽማግሌ ሆኖ የሄደው ራሱ ኡበይደላ ነው። ይህን የመሰለ ልብ ያለው ሰው አላየሁም።»

ሮቤል ሲጠየቅ አልሸሸገም።

«አዎ፣ ቀንቼበታለሁ። አብረን ነበር የምንውለው፤ ኋላ ለእኔ ጊዜ አጣ። የእስስቷን ቤት በርካሽ ሥራልኝ ሲለኝም ሆን ብዬ ውድ ዋጋ ጠራሁበት። ኋላ እጮኛው መጥታ በጠራሁት ዋጋ አሠራች። ሙሉውን ቀለም ቀብቼ አስረከብኳት። መብራት የሚባል ነገር አላሰርኩበትም።»

ናጅዋ በእትዬ አሚና ሱቅ ጥግ ጥቁር ሻሿን ጨብጣ ተቀምጣለች። ውባለም ጎኗ ተቀመጠች።

«ቤቱን ለምን አሠራሽለት?»

«ሰው ይስቅብኛል እንጂ በእስስቷ እቀና ነበር» አለች ናጅዋ። «ስንገናኝ ወሬው እሷ ናት። ቤቷ ተቀዶ አይጥ ይበላብኛል ይላል። አጎቴ አሮጌ የሱቅ መስታወት ሣጥን በነጻ ሊሰጠው ነበር፤ ‹መስታወት ሙቀት ያምቃል፣ አየር ይከለክላታል› ብሎ እምቢ አለ። ሽቦ ጥሩ ነው፣ ግን ሠርጉ እያለ ዋጋው አልቀመስ አለው። አዲስ የፕላስቲክ መረብ ገዝቶ ሣጥኑን ሊጠግን ወስኖ ሳለ ኡበይደላ መጣና ‹ከምትቀኚባት የብረት ቤት ስጦታ አድርጊለት፤ ግማሹን እኔ እችላለሁ› አለኝ።»

«ከሮቤል ማን ተረከበው?»

«እኔ። ትናንት።» አውራ ጣቷን አሳየች። ጥፍሯ ሥር አረንጓዴ ቀለም ደርቋል። «ደርቆ እንደሆነ ልይ ብዬ መቀርቀሪያውን ስነካው ቀለሙ ያዘኝ። ከዚያ ኡበይደላ በባጃጁ ጭኖ ወሰደው።»

ውባለም ጣቱን አተኩራ አየች።

ኡበይደላን ያነጋገረችው ባጃጁ አጠገብ ነው።

«ትናንት ማታ አምጥቼ በሩ ላይ አስቀመጥኩለትና ሄድኩ። ዛሬ ወላሂ በዚህ በኩል አላለፍኩም፤ ውርጌሳ ስመላለስ ነበር» አለ።

«አምፖሉን ራሱ አሰረው ማለት ነው?»

«ሌላ ማን ያስረዋል? ገመዱ አሮጌ ይሆናላ።»

«ጠንቃቃ ነበር ይላሉ። ውሃ ሲረጭ ሁልጊዜ ይነቅላል አሉ።»

ኡበይደላ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ምን ያድርግ? መብራት የለም ብሎ ተዘናጋ። መጣበት።»

ውባለም አመስግናው ሄደች። ሐኪም ሬሳውን መርምሮ የሞተው በኤሌክትሪክ መሆኑን እንዳረጋገጠላት ሁሉንም በሱቁ ደጃፍ ሰበሰበቻቸው። እትዬ አሚና በርጩማ ላይ፣ ናጅዋ አጠገባቸው፣ ሮቤል በፖሊሶቹ መካከል፣ ኡበይደላ ደግሞ ከዘመዶቹ ፊት ነበሩ።

«ይህ አደጋ አይደለም» አለች። ጉርምርምታው እስኪበርድ ጠበቀች። «ሙጃሂድ ሲሞት የስልኩ መብራት ኪሱ ውስጥ እየበራ ነበር፤ ጓዳው ጨልሞበት ነበር ማለት ነው። እትዬ አሚና ሲደርሱ ግን አምፖሉ ይበራል። ስለዚህ መብራቱ ጠፍቶ ነበር፣ ተመለሰ። የት ነው የጠፋው? ከግድግዳ ወዲህ የእትዬ አሚና መኪና ሳይቆም ይሰፋል። የጠፋው የሙጃሂድ ቤት ብቻ ነው። አንድ ሰው ደጅ ካለው ቆጣሪ አጥፍቶ፣ ኋላ አበራው።»

«ሮቤል ብሬከሩን ያውቀዋል!» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

«ያውቀዋል፤ ሊያድነው ነው የነካው። የብረቱን ቀለም የፋቀው ግን እሱ አይደለም። ቀለሙ ካልተፋቀ መብራቱ ወደ እጅ አይደርስም። የናጅዋን ጣት እዩ፤ ከሮቤል ስትረከብ መቀርቀሪያው ላይ እርጥብ ቀለም ነበር። አሁን ባዶ ብረት ነው። ጓዳው ውስጥ ደግሞ ፍቅፋቂ አልወደቀም። የተፋቀው ከናጅዋ እጅ ወጥቶ እዚህ እስኪደርስ፣ መንገድ ላይ ነው።»

ሁሉም ቀስ ብለው ወደ ኡበይደላ ዞሩ።

«ትናንት ማታ አድርሼ ሄድኩ አልኩ እኮ!»

«ትናንት ማታ ቢደርስ፣ በአይጥ ሲጨነቅላት የነበረው ሰው እስስቷን በተቀደደው ሣጥን ያሳድራት ነበር? ቤቱን ያመጣኸው ዛሬ ነው። መጀመሪያ ብሬከሩን አጠፋህ። እሱ በስልኩ እያበራልህ አምፖሉን አሰርክ፣ ሰካህ። ‹ሲመጣ ያሞቃታል› ብለህ ወጣህ። እሱ መብራት የለም ብሎ ሳይነቅል የብረቱን መቀርቀሪያ ይዞ ውሃ መርጨት ሲጀምር፣ ውጭ ሆነህ መለስከው።»

«ማን አየኝ?»

«ማንም አላየህም። አንተው ነገርከኝ። ‹መብራት የለም ብሎ ተዘናጋ› አልክ። ሰፈሩ በሙሉ መብራት ነበረው፤ ጎረቤቱ እንኳ አላወቁም። ጓዳው መጨለሙን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ሞቷል። ፕላስቲኩን አስቀርተህ ብረት ያስመረጥከውም አንተ ነህ፤ ፕላስቲክ አይገድልም።»

ኡበይደላ ከዘመዶቹ ሊሸሸግ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ እነሱ ግን ራቁት። ያን ጊዜ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«‹ወንድሜ ነህ፣ ሽማግሌ ሁነኝ› አለኝ» አለ መሬት መሬት እያየ። «እኔን እምቢ ያለችው በእሱ ምክንያት መሆኑን እያወቀ! ቤቷ ደርሼ በአፌ ለመንኩለት። ሲስቅ በሰማሁ ቁጥር አንጀቴ አረረ።»

ናጅዋ ተነሥታ ፊቱ ቆመች። አልጮኸችም።

«ሽማግሌ ስትልክ ሙጃሂድን አላውቀውም ነበር» አለችው። «እምቢ ያልኩህ ትምህርቴን ልጨርስ ብዬ ነው። ከዚያ ወዲያ፣ ለእናቴ የሎሚ ችግኝ ልግዛ ብዬ ባጃጅህ ላይ ስወጣ ‹የአክስቴ ልጅ ጥሩ ጥሩ ችግኝ አለው› ብለህ እዚህ ያመጣኸኝ አንተ ነህ። አንተ ባታመጣኝ አላየውም ነበር።»

ኡበይደላ ቀና ብሎ አያት። ፖሊሶቹ ሮቤልን ትተው እሱን ያዙት።

ጀናዛው ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሰላት ቀጥሎ ወጣ። ሮቤል ከሰው ሁሉ ኋላ፣ አንገቱን ደፍቶ ይከተል ነበር። ጠዋት የጮኹበት ሰዎች ዘወር ብለው አዩት። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ቦታውን ለቀቀና በእጁ ጠራው። ሮቤልም ጫማውን አስተካክሎ ተጠጋ፤ ትከሻውንም ከቃሬዛው ሥር አስገባ።