የሶስተኛው አውሮፕላን ትዕዛዝ

የነፍስ አድን በረራ ማዕከሉ ጭነት አስተባባሪ ደረጃው ስር በግንባሩ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ ሲሏት መርማሪዋ እየበረረች መጣች! እንዴት አትሮጥ? ጎርፍ በዋጣት ባዕድ ከተማ ስልሳ ሰው ሆስፒታል ጣሪያ ላይ ቆሟል፤ ከተላኩት ሶስት አውሮፕላኖች ጀልባና ዋናተኛ የጫነው ሶስተኛው የአጋር አገር አውሮፕላን ደግሞ በሟቹ ፊርማ መንገዱን ቀይሯል።

«አዳልጦት ነው» አለች የአየር ጠባይ ባለሙያዋ እንባዋን እየጠረገች።

«በግንባሩ የወደቀ ሰው ማጅራቱ ይሰነጠቃል እንዴ?»

መርማሪዋ ይህን ብላ ወደ ሌሎቹ ዞረች።

ሟቹ ሲወድቅ ማዕከሉ ውስጥ የነበሩት ሶስት ናቸው፦ ባለሙያዋ፣ ሬዲዮኛውና ከየአገሩ ኤምባሲ የበረራ ፈቃድ ጠያቂው። ፈቃድ ጠያቂው ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የመርማሪዋ አጎት! አባቷ ከሞተ ጀምሮ ያሳደጋት፣ በዓለም ላይ ከሱ ወዲያ የማታምነው ጋሼዋ።

«ትዕዛዙን ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁት፤ ለአብራሪው አነበብኩለት» አለ ሬዲዮኛው። «ሃያ ደቂቃ ካለፈ ደግሞ ወደ ከተማዋ መመለሻ ነዳጅ አይኖረውም።»

መርማሪዋ ወረቀቱን አየች፤ የሶስቱንም መዝገብ ገለጠች። የጋሼዋ መዝገብ ላይ ስትደርስ ወረቀቱን ከጎኑ አስቀምጣ ሰዓቶቹን ደግማ አነበበች።

«ሁላችሁም ኑ! አብራሪዎቹ ከየአገሩ ስለሆኑ እዚህ የሚጻፈው በአንድ የጋራ ሰዓት ነው፤ በሃያ አራት ሰዓት አቆጣጠር፣ ከዚህ አገር ሰዓት ሶስት ሰዓት ወደኋላ። አሁን ስንት ይላል?»

«አስራ አንድ ከአርባ» አለ ሬዲዮኛው።

«ሟቹ ፈረመበት የተባለው ግን አስራ አራት ከአስር ላይ ነው። ሰዓቱ ገና አልደረሰም እኮ! በዚህ አገር ሰዓት ከሆነ ግን ከግማሽ ሰዓት በፊት ነው። ሟቹም እናንተ ሁለታችሁም መዝገባችሁን የጻፋችሁት በጋራው ነው። ቀኑን ሙሉ እዚሁ ካሉ ኤምባሲዎች ጋር የሚደዋወል ሰው ብቻ ነው በዚህ አገር ሰዓት የሚጽፈው።» ድምጿ ተሰበረ። «ጋሼ... ለምን?»

«የሁለቱን ፈቃድ አመጣሁ፣ የሶስተኛውን ረሳሁት። አለ ብዬ ዋሸሁ። ሟቹ ደርሶበት ለአለቃ ልናገር ሲል ከኋላው... ሚጣዬ፣ ሰላሳ ዓመት የሰራሁበት ስሜ ነው! አውሮፕላኑም ያለፈቃድ ድንበር እንዳይገባ ነው በሱ ስም ፈርሜ ያዞርኩት።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ደቀነችለት። «አሁን ጠይቅ!»

በአራት ደቂቃ ተፈቀደ። አራት! ሬዲዮኛው ማይኩ ላይ ተደፋ፤ ከዚያ «ዞረ! ወደ ከተማዋ ዞረ!» ብሎ ጮኸ። ባለሙያዋ ወንበሯ ላይ ዘጭ አለች።

ጋሼዋም፣ ታምኑኛላችሁ፣ ፈገግ አለ። «አየሽ ሚጣዬ፣ ሁሉም ተስተካከለ እኮ!»

እንደ ልጅነቷ ፀጉሯን ሊዳብስ እጁን ሲዘረጋ፣ ካቴናውን አጠለቀችለት።