የላስቲክ ቱታው

ኢንስፔክተር ንግሥት ወደ ጂሙ የሚወስደውን ደረጃ ስትወጣ፣ ደረጃው ላይ ተደርድረው የቆሙት ወጣቶች መንገድ ለቀቁላት። አንዳንዶቹ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው የልባቸውን ምት ያዳምጡ ነበር።

ገና ማለዳ ቢሆንም ወሬው ወልድያን አዳርሷታል። ዓሪፍ ሞተ፤ ዱቄቱ ገደለው ይባል ነበር።

ዓሪፍ የመርሳ ልጅ ነው። በጂሙ አሠልጣኝ ከሆነ ቆይቷል። በዋናው መንገድ ላይ ከተሰቀለው ትልቅ ባነር ላይ ደረቱንና ሆዱን ገልጦ የቆመው እሱ ነው። የሆዱ ጡንቻዎች በቢላ የተቀረጹ ይመስላሉ። ከሥሩ የጂሙ ባለቤት ንጉሴ የሚሸጠው የፕሮቲን ዱቄት ሥዕል አለ። ያንን ሆድ የተመኘ ወጣት ሁሉ ዱቄቱን በጥብጦ ጠጥቷል፤ አሁን ደግሞ ያ ሁሉ ወጣት ፈርቷል።

ሬሳው የተገኘው ሰዎች በእንፋሎት ላባቸውን በሚያወጡበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ዓሪፍ ወለሉ ላይ በጀርባው ተንጋሏል። ውድድር የደረሰባቸው ስፖርተኞች ላብ እንዲያጠምቃቸው የሚለብሱትን የላስቲክ ቱታ ለብሷል፤ ዚፑ እስከ አገጩ ተዘግቷል።

ንጉሴ ጂሙን ሊከፍት ሲመጣ እንዳገኘው፣ ዓሪፍም የራሱ ቁልፍ እንደነበረው ተናገረ። ዓሪፍ እሁድ ደሴ ላይ የሰውነት ቅርጽ ውድድር እንደነበረው፣ ለዚያም ሰውነቱን ያደርቅ እንደነበር አስረዳ። የሆድ ቆዳ ሳስቶ ጡንቻው እንዲወጣ መጀመሪያ ምግብ ይቀነሳል፤ መጨረሻ ላይ ጨውም ውሃም ይቆማል። ዓሪፍ ከዚህ በፊትም እዚሁ ወድቆ ያውቃል።

«አደጋ ነው» አለ ንጉሴ ዓይኑን እየጠረገ። «ሁላችንም እያየን ዝም ያልነው አደጋ።»

ንግሥት ተንበርክካ ዚፑን ቀስ ብላ ከፈተች። ላስቲኩ ከውጭ በእንፋሎቱ ርሶ ይንጠባጠባል። ከሥሩ የለበሰው ነጭ ካናቴራ ግን ደረቅ ነው። እጇን አስገብታ ጀርባውንም ዳሰሰች፤ እሱም ደረቅ ነው። ጉሮሮው ላይ አግድም የተሰመረ ጠቆር ያለ ምልክት አየች። አብሯት የመጣው ፖሊስ ኮሌታው ፈግፍጎት ይሆናል አለ። እሷ ካናቴራውን ገለጥ አድርጋ ሆዱን ተመለከተች። የባነሩ ሆድ አይደለም፤ እንደ ማንኛውም ጤነኛ ጎረምሳ ሆድ ለስላሳ ነው።

ንግሥት ሬሳው ለምርመራ ወደ ሆስፒታል እንዲሄድ፣ ዱቄቱም እንዳይሸጥ አዘዘች።

በትልቁ አዳራሽ ውስጥ፣ ተጋድመው ብረት ከሚያነሱበት ቤንች በላይ ከባድ ክብደት የተጫነበት ብረት በማቆሚያው ላይ ተቀምጧል። ከጥግ አንድ ወጣት ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቦ ተኮራምቶ ይንቀጠቀጣል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ጉንጩ ገብቷል። የዓሪፍ የልምምድ ጓደኛ ዮሴፍ ነው፤ እሱም እሁድ ይወዳደራል።

የመጣው ከንጉሴ በኋላ እንደሆነ ነገራት። ዓሪፍ የሚበላውን እንደሚበላ፣ የሚጠጣውን ዱቄት እንደሚጠጣም ጨመረ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት።

«ኢንስፔክተር፣ ቀጣዩ እኔ ነኝ?»

ንግሥት የሃይላንድ ውሃ አስመጥታ ሰጠችው። ያዘው እንጂ አልጠጣም።

«ጠጣ እንጂ።»

«ውድድሩ እኮ አልተሰረዘም» አለ በቀስታ።

ቤንቹ ላይ ያለውን ክብደት ማን እንዳነሳው ጠየቀችው። አላውቅም አለ። እሱም ሆነ ዓሪፍ በማድረቂያው ጊዜ የዚያን ግማሽ እንኳ እንደማያነሱ ነገራት። «ሆዳችን ሲታይ ጉልበታችን ይጠፋል» አለ።

ንግሥት በዚያው ቀን ወደ መርሳ ወረደች። ሲሪንቃን አልፋ መርሳ እስክትገባ ድረስ የዮሴፍ መንቀጥቀጥ ከዓይኗ አልጠፋም። ዱቄቱ መርዝ ከሆነ ስንት ቤት ለቅሶ ሊገባ ነው እያለች ታስብ ነበር።

የዓሪፍ እናት ወይዘሮ ሀጂራ ጎረቤት ከቧቸው ተቀምጠዋል። እንግዳዋን ከፊታቸው አስቀምጠው፣ ልጃቸውን ቶሎ እንድትመልስላቸው ብቻ ለመኗት። ሟች በወጉ ታጥቦ ቶሎ መቀበር አለበት። ነገ ከዙሁር ሶላት በፊት እንደሚደርስ ቃል ገባችላቸው።

ብዙውን የነገረቻት እጮኛው ለይላ ናት። ለይላ በመርሳ ገበያ ፍራፍሬ ትነግዳለች፤ ዓሪፍ በሞተበት ማለዳም ማንጎ ስታስጭን ገበያተኛው ሁሉ አይቷታል። ያለፈው ዓመት የፍርሃት ዓመት እንደነበር አወራቻት። ዓሪፍ በመርሳ ሙቀት ውስጥ ይበርደው ነበር። እንቅልፍ አጣ፤ ልቡ በኃይል ትመታና ትቆም ነበር። በትንሽ ነገር ይቆጣል። አጠገቧ ተቀምጦ እንኳ አይነካትም። ሰርጉን ሁለቴ አራዘመው።

«እማማ ሀጂራ የሱና ጾም እየጾመ ነበር የመሰላቸው» አለች ለይላ። «የማንም ጾም አልነበረም።»

በቅርቡ ግን ሁሉም ተለወጠ። ባነሩን አይቶ ራሱን ያስራበ አንድ የግራና ከተማ ጎረምሳ ኩላሊቱ ታሞ ሆስፒታል ገባ። ዓሪፍ ሊጠይቀው ሄዶ ፊቱ ተቀይሮ ተመለሰ። በዚያው ቀን የእናቱን ገንፎ በላ፤ እንደ ሕፃን ተኛ። በሳምንታት ውስጥ ጉልበቱም ሳቁም ተመለሰ። ወደ ንጉሴ ሄዶ ባነሩ እንዲወርድ ጠየቀ። ፎቶው የተነሳው ከረጅም ርሃብ በኋላ በአንዲት ጠዋት ነው፤ በማግስቱ ውሃ ሲጠጣ መስመሩ ጠፍቷል፤ የቀረውን ደግሞ በኮምፒዩተር አስተካክለውታል። ንጉሴ እምቢ አለ። ተጣሉ፤ መነጋገርም አቆሙ።

«የላስቲክ ቱታውን እኔው ራሴ አቃጠልኩት» አለች ለይላ። «እሱ ቆሞ እያየ ይስቅ ነበር።»

ንግሥት ቀና አለች። «ዮሴፍ ይህን ያውቃል?»

«ሊነግረው አስቦ ነበር። መቼ እንደሆነ አላውቅም። ልጁ ይሞትብኛል ብሎ ይሰጋ ነበር።»

ወደ ወልድያ ስትመለስ መንገድ ላይ ስልክ ተደወለላት። ዮሴፍ ወድቆ ሆስፒታል ገብቷል። ንግሥት ሾፌሩን ፍጠን አለችው፤ ሁለተኛ ሬሳ ታቅፋ የምታድር መሰላት። ዮሴፍ ግን አልሞተም። ሐኪሙ ደሙ ውስጥ መርዝ እንዳልተገኘ፣ ያለበት ረሃብና ጥማት ብቻ እንደሆነ፣ ግሉኮስ ሊሰጡት ሲሉም ሰውነቴን ያሳብጠዋል ብሎ መርፌውን እንደነቀለ ነገራት። ቀጥሎ ወደ ጎን ወስዶ የዓሪፍን ውጤት ነገራት። የጉሮሮው አጥንት ተሰብሯል፤ ሆዱ ውስጥም ምግብና ውሃ ተገኝቷል።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም በጂሙ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ንጉሴና ለይላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዮሴፍ ከሆስፒታል ወጥቶ ግድግዳ ተደግፏል። ወጣቶቹ በሩ ላይ ታጭቀው ይሰማሉ። ንግሥት ድምጿን ሳታነሳ ጀመረች።

«ዓሪፍ በላብ ደርቆ ሞተ ተባልኩ። የላስቲክ ቱታ ለብሶ እንፋሎት ውስጥ የቆየ ሰው ልብሱ ይጨመቃል። የእሱ ካናቴራ ደረቅ ነበር። ሬሳ አያልበውም። ስለዚህ ቱታውን ያለበሱት ከሞተ በኋላ ነው።»

በሩ ላይ ሹክሹክታ ተነሳና ጠፋ።

«ለምን አለበሱት? አንገቱ ላይ ምልክት ነበረ፤ ኮሌታው እስከ አገጩ ተዘግቶ ሸፈነው። ጉሮሮውን የሰበረው እዚህ ቤንች ላይ ያለው ብረት ነው። ይህን ክብደት የሚያነሳ ደግሞ የጠገበ ሰው ብቻ ነው። ሆዱን አይቻለሁ። ዓሪፍ ማድረቅ ትቶ ነበር።»

ንጉሴ አንገቱን ደፋ። እሷም ወደ እሱ ዞረች።

«እርስዎ ይህን ያውቁ ነበር፤ ግን ያደርቅ ነበር ብለው ዋሹኝ።»

ንጉሴ የባነሩ ነገር እንዳይወጣ ፈርቶ እንደዋሸ አመነ። ዱቄቱም የወተት ዱቄትና ስኳር እንጂ ሌላ እንዳልሆነ ተናገረ። በሩ ላይ ካሉት ወጣቶች አንዱ በረጅሙ ተነፈሰ።

«መጀመሪያ እርስዎን ጠርጥሬ ነበር» አለች ንግሥት። «ነገር ግን ከባድ ብረት ሥር የሚተኛ ሰው ራስጌው ላይ የሚቆምለት ሰው ይፈልጋል። ማንም ቢሆን ጉሮሮውን ከተጣላው ሰው እጅ ሥር አያስቀምጥም። ዓሪፍ የተኛው ከሚያምነው ሰው ፊት ነው። ለይላ ደግሞ መርሳ ነበረች።»

ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረች።

«የዓሪፍ የላስቲክ ቱታ ተቃጥሏል። ታዲያ የለበሰው የማን ነው? አሁንም ሰውነቱን የሚያደርቅ አንድ ሰው ብቻ አለ። ውድድር ደርሶበት ያለ ቱታ፣ ሹራብ ደራርቦ የተቀመጠውም እሱ ነው። ዮሴፍ፣ ቱታህ የት ነው?»

ዮሴፍ ሲናገር ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር።

«በጠዋት ጠራኝ። ጠግቦ፣ ፊቱ በርቶ መጣ። ወንድሜ፣ ያ ሆድ የለም አለኝ። አንድ ጠዋት ነበረ፣ የቀረው ቀለም ነው አለኝ። ከዚያ ጉልበቴ እንዴት እንደተመለሰ ልይ ብሎ ተጋደመ። እኔ ዓመቱን ሙሉ ርቦኛል። የእናቴን ማዕድ ረግጬ ወጥቻለሁ። ሌሊት ስለ ዳቦ አልሜ እያለቀስኩ ነቅቻለሁ። ቀለም ነው አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«መጨረሻው ላይ ክንዱ ዛለ። ብረቱ ጉሮሮው ላይ ወረደ። ቀና ብሎ አየኝ። እጄ ብረቱ ላይ ነበር።» ዮሴፍ የገዛ እጆቹን ተመለከተ። «አልተጫንኩትም። አላነሳሁለትም።»

ወደ ልቡ ሲመለስ ያደረገውን እንዳወቀ፣ ክብደቱን አንድ በአንድ አውርዶ ብረቱን ከላዩ እንዳነሳና ማቆሚያው ላይ እንደነበረ መልሶ እንደጫነው፣ በስፖንጅ ምንጣፍ እየጎተተ ወደ እንፋሎቱ ክፍል ወስዶ የራሱን ቱታ እንዳለበሰው፣ ሁሉም ሰው ዓሪፍ በማድረቅ ይሞታል ብሎ ሲፈራ ስለኖረ ማንም እንደማይጠይቅ እንዳሰበ ተናገረ። ፖሊሱ ክንዱን ሲይዘው ሹራቡ ውስጥ ክንድ ያለ አልመሰለውም። በሩ ላይ ያሉት ወጣቶች ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ትናንት የፈሩት ዱቄቱን ነበር፤ ዛሬ ግን ዮሴፍ ሲያልፍ ቀና ብሎ ያየው አልነበረም።

ንግሥት ቃሏን ጠብቃ አስከሬኑን ከዙሁር በፊት መርሳ አደረሰች። ለሟች የሚሰገደው ሶላተል ጀናዛ ተሰግዶ ወንዶቹ ወደ መቃብር ሲሄዱ እሷ ከሴቶቹ ጋር ቀረች። ስለ ዮሴፍ ለወይዘሮ ሀጂራ እንዴት እንደምትነግራቸው ስታሰላስል፣ እሳቸው እጇን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቧት።

«ልጄ፣ የገደለውን አላህ ያውቀዋል፤ እናንተም ነግራችሁኝ እሰማለሁ» አሉ። «እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። ጠምቶት ነው የሞተው?»

ንግሥት ሐኪሙ የነገራትን ሁሉ አስታወሰች። የሚነገረውንና የማይነገረውን ለየች።

«አልጠማውም እማማ» አለቻቸው። «አልራበውም።»

ወይዘሮ ሀጂራ አልሐምዱሊላህ አሉና፣ ከትናንት ማለዳ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሱ።