«ካርዱ ገደለኝ» ያለው ሰው

ቅዳሜ አዲሱ ግራፊክስ ካርድ ተገጠመና የስክሪኑ ምስል ተበላሸ፤ እሑድ የኮምፒውተሩ ባለቤት ሞተ። የሆሳዕና ሰው ሁለቱን ነገሮች በአንድ ክር ሰፍቶ ለመጨረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም።

አሳምነው የተገኘው መናኸሪያው አጠገብ ፎቅ ላይ ባለው የመዝሙር ክሊፕ ስቱዲዮው ውስጥ ነው፤ ጠረጴዛው ሥር በጉልበቱ ተደፍቶ፣ ቀኝ እጁ በተከፈተው የኮምፒውተር ሳጥን ውስጥ ገብቶ። ያገኘው ታናሽ ወንድሙ አጵሎስ ጮኸ፤ ጎረቤት ተሰበሰበ። ከጎረቤቱ አንዱ፣ ቅዳሜ ዕለት አሳምነው ደረጃው ላይ ቆሞ «ይሄ ካርድ ገደለኝ!» ሲል መስማቱን አስታወሰ። ቃሉ ለገጠር ዘመዶች ወደ ሀዲይኛ ሲተረጎም ምሬቱ መንገድ ላይ ቀረ፤ መግደሉ ብቻ ደረሰ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ካርዱን የገጠመው ቴክኒሻን አዶናይ ከቤቱ ተጎትቶ ወጣ። ፖሊስ ሲደርስ ጣቶቹ በመዶሻ ተቀጥቅጠው ነበር። ፖሊስም አሰረ፤ የታሰረው ግን ጣቱ የተቀጠቀጠው እንጂ የቀጠቀጠው አይደለም።

ኢንስፔክተር ትርፊት አስከሬኑን ለአፍታ ብቻ ነው ያየችው። ቤተሰቡ «ሬሳው አይነካም» ብሎ ወስዶ ቀበረው። ያየችው ግን በቃት። እጁ ላይ ቃጠሎ የለም። የታችኛው ከንፈሩ ከውስጥ በራሱ ጥርስ ተበጥሷል። ሰው ኮረንቲ ሲይዘው ከንፈሩን ሊነክስ ይችላል፤ ትራስ አፉ ላይ ሲጫንበትም እንደዚያው።

ሌላም ነገር አየች። ተበላሸ የተባለው የስቱዲዮው ስክሪን ጥርት ብሎ ይታያል።

አዶናይን ፖሊስ ጣቢያ፣ ግድግዳ ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«ኮረንቲ አይደለም የገደለው» አላት ገና ሳትጠይቀው። «እዚያ ሳጥን ውስጥ ካርዱ ጋ ያለው ኃይል የመኪና ባትሪ ያህል ነው። ባትሪ ነክቶ የሞተ ሰው አይተው ያውቃሉ?»

«እሱን አውቃለሁ፤ ጊዜዬን አትብላ። ምስሉ ለምን ተበላሸ?»

«በእኔ ስሕተት። ካርዱን ገጥሜ ሳልጨርስ መብራት ሄደ። ቀጭኑን ኬብል ካርዱ ላይ መሰካት ሲገባኝ፣ በዳበሳ አሮጌውን ወፍራም ኬብል አሮጌው ቀዳዳ ላይ መልሼ ሰካሁት። ለዚያ ነው የደበዘዘው። ማታ ደውሎ ሰደበኝ። ከኋላ ያለው ኬብል ነው፤ ሰኞ መጥቼ አስተካክለዋለሁ አልኩት።»

«አሁን እኮ ተስተካክሏል።»

አዶናይ ቀና አለ። «ማን አስተካከለው?»

«ጠያቂዋ እኔ ነኝ» አለችና ወጣች።

ለቅሶ ቤት ስትደርስ የሟች ሚስት ራሄል ከድንኳኑ ወጥታ ጓሮ ወሰደቻት። አስተማሪ ናት፤ ዓይኗ ደርቋል።

«ባልሽ ኬብሉን ራሱ አዛውሮት ይሆን?»

«በምን ወገቡ? ቅዳሜ ማታ ያንን ኬብል አያለሁ ብሎ ሲያጎነብስ ወገቡን ያዘው። እሑድ ጠዋት ጫማውን ያሰርኩለት እኔ ነኝ። ማስታገሻ ዋጠና፣ ልጆቹ አያስተኙኝም ብሎ በባጃጅ ስቱዲዮ ሄደ። ሶፋው ላይ ሊተኛ።»

«ለምን እስካሁን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ? ሁሉም ኮረንቲ ነው አለኝ። ማልቀስ ብቻ ነው የተፈቀደልኝ።»

«ትወጂው ነበር?»

«ደንበኛ ይወደው ነበር» አለች ራሄል።

ጫማውን ማሰር ያቃተው ሰው ጠረጴዛ ሥር አይንበረከክም። እዚያ ያስቀመጠው ሌላ ሰው ነው። የስቱዲዮው ቁልፍ ያላቸው ደግሞ ራሄል፣ አጵሎስና ክሊፖቹን የሚያቀናብረው ሶፎንያስ ብቻ ናቸው። ራሄል የባሏን ወገብ እያወቀች አታንበረክከውም፤ ውሸቱን የሠራው ስለ ወገቡ ያልሰማ ሰው ነው።

አጵሎስ ስልክ ከሚሸጥበት ሱቁ ሳይነሣ ተቀበላት። «አንቺ ሴትዮ፣ ገዳዩን እጅሽ ላይ አስገብተን ሌላ ትፈልጊያለሽ? ካርዱ ገደለኝ ብሎ እኮ ተናግሯል!»

«ሚስትህ ስታስቅህ ‹ገደልሽኝ› ብትላት ጣቷን ትቀጠቅጣለህ?»

«ማነው የቀጠቀጠ?»

«መዶሻው ያንተ ነው። ለእሱ እመለስበታለሁ። ወንድምህን ስታገኘው ስክሪኑ ምን ይመስል ነበር?»

«ስክሪን ነዋ! በርቷል። ስክሪን ሌላ ምን ይመስላል?»

ደብዛዛውን ጥርት ካለው የማይለይ ሰው ነው። ትርፊት ይህን ይዛ ሄደች።

ሶፎንያስ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኳየር የሚመራ፣ ማንም ክፉ የማይናገርበት ሰው ነው።

«ካርዱ ከገባ ወዲህ ማሽኑን አልነካሁም» አላት። «ከኋላ ምን እንዳለው እንኳ አላየሁም። የዘማሪ ሀሴትን ክሊፕ ዓርብ ጨርሼ በፍላሽ ይዤው ነበር። እሑድ ከሰዓት ሆመቾ ከተማ መንፈሳዊ ጉባኤ ላይ አሳየሁት።»

«ጠዋትስ?»

«ቤተ ክርስቲያን። ሰው ሁሉ አይቶኛል።»

«ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይስ?»

ሶፎንያስ ፈገግ አለ። «ያኔ ጌታ ያየኛል።»

«ጌታን ቃል አልቀበለውም» አለችና ሺንሺቾ ወደምትኖረው ሀሴት ደወለች።

«ክሊፑማ ሆመቾ ላይ ሰው አስለቀሰ!» አለች ዘማሪዋ። «ቅዳሜ አሳምነው ‹ዓርብ አልቋል› ብሎ የላከልኝን ባየሽው ግን! ፊቴ ሰማያዊ ነበር። ሬሳ አስመሰላችሁኝ ብዬ ጮህኩበት።»

ረቡዕ ሁሉንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበች። ራሄል ሶፋው ላይ፣ አጵሎስ መስኮቱ ጋ፣ ሶፎንያስ ስክሪኑ ፊት። አዶናይን ሁለት ፖሊሶች አመጡት፤ እጆቹ በፋሻ ተጠቅልለው የሌላ ሰው እጆች ይመስላሉ። ትርፊት ስክሪኑን አብርታ የቀብሩን ቪዲዮ አስጀመረች።

ምስሉ ደብዛዛ ነበር። የለቀስተኛው ፊት ውኃ የገባው ወረቀት መስሏል። ራሄል ፊቷን አዞረች፤ አጵሎስ ማልቀስ ጀመረ። ሶፎንያስ ዓይኑን ጨፈነ፣ ገለጠ፣ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። ትርፊት እሱን ብቻ አየች።

«ይቅርታ፣ እንደዚህማ አይታይም» አለ በመጨረሻ። ተንበረከከ፣ እጁን ከሳጥኑ ኋላ ሰደደ፤ ሳያይ ወፍራሙን ኬብል ነቀለና ቀጭኑን ካርዱ ላይ ሰካ። ምስሉ ጠራ።

«ከኋላ ምን እንዳለው አላየሁም ያልከው ማሽን ነው» አለች ትርፊት። «ዛሬ ጠዋት ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እሑድ ያስተካከልከው አንተ ነህ።»

«ይሄ ምን ማስረጃ ነው?»

«ብቻውን ምንም። ዓርብ ጨረስኩ ባልከው ክሊፕ ሀሴት ሰማያዊ ናት። ሆመቾ ላይ በታየው ሰው መስላለች። እንግዲህ የምስሉ ከለር የተሠራው ቅዳሜ እሷ ከጮኸች በኋላ፣ ጉባኤው ከመጀመሩ በፊት ነው። በደብዛዛ ስክሪን ከለር ይሠራል?»

ሶፎንያስ ሳያስበው ራሱን ነቀነቀ፦ አይሠራም።

«ስለዚህ ከለሩን የሠራው ሰው መጀመሪያ ኬብሉን አዛውሯል። አሳምነው ጎንበስ ማለት አይችልም። አጵሎስ ልዩነቱን አያይም። ራሄል ከለር አትሠራም። ፍላሹን ሆመቾ የወሰድከው አንተ ነህ። ዘመዶቹ ኮረንቲ ነው ሲሉ ደግሞ አላረምካቸውም፤ የዚህን ልጅ ጣት ሲሰብሩም ሰምተሃል። ካርዱ የተገዛው ለምንድን ነው?»

አዶናይ ሶፎንያስን ትክ ብሎ ያየዋል።

«እኔን ሊተካ» አለ ሶፎንያስ። «አዲስ ፕሮግራም አለ፤ ከለሩን ራሱ ይሠራል። ‹አንተ ሳምንት የምታለቅስበትን ካርዱ ፊቴን ታጥቤ ሳልጨርስ ያደርገዋል፤ ሰኞ እንዳትመጣ› አለኝ። ቅዳሜ፣ በሰው ፊት። እሑድ ከጸሎት መሐል ወጥቼ ሀሴትን ላስተካክል ስመጣ አፉን ከፍቶ ተኝቶ ነበር።»

«ከገደልከው በኋላ ለምን አልሸሸህም?»

«ፊቷ ሰማያዊ ነበር እኮ!» አለ፣ ለሞኝ እንደሚያስረዳ ሰው። «ጉባኤው ሁሉ ሊያየው? በእኔ ስም?»

«እሱስ ያኔ የት ነበር?»

«ሶፋው ላይ። ያወረድኩት ከለሩን ስጨርስ ነው።»

ራሄል ከሶፋው ተነሣች። ቀሚሷን ከኋላ በሁለት እጇ አራገፈች፤ ከዚያ የምትቀመጥበት አጥታ መሐል ወለሉ ላይ ቆመች።

«ጎበዝ ባለሙያ ነህ» አለች ትርፊት። «ጎበዝ ባትሆን ኖሮ ይህ ልጅ በኮረንቲ ሲጠየቅ ይኖር ነበር። ውሰዱት።»

ፖሊሶቹ ሶፎንያስን ይዘው ወረዱ። ትርፊት ወደ አዶናይ ዞረች። «ነፃ ነህ። ሂድ።»

አጵሎስ ጉሮሮውን ጠረገ። «አዶናይ፣ ወንድሜ... ሰይጣን ነው ያሳሳተን። ሽማግሌ እንልካለን።»

አዶናይ ወደ በሩ ተራመደ።

«ያው እንደምታየው ሶፎንያስም ሄደ። የአሳምነውን የመታሰቢያ ቪዲዮ የሚያወጣልን አጣን። ማሽኑን የሚያውቀው አንተ ብቻ ነህ። እስቲ ቁጭ በልና ትንሽ ብትነካካልን...»

አዶናይ ሁለቱን ፋሻዎች ፊቱ ድረስ አነሣቸው።

«በምኔ?»

አዶናይ ወጣና በሩን በክርኑ ስቦ ዘጋው።